መሃሉን አንብቢልኝ

ያሳደጉኝ አጎቴ ካረፉ ይህ የመጀመሪያው ክረምት ነው። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ አየር ጤና ታክሲ ተራው አጠገብ ካለው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ጋ አብረን እንሄድ ነበር። እኔ ሽፋን ሳገላብጥ እሳቸው፣ «መጀመሪያውንማ ሁሉም ያሳምረዋል፤ እስቲ መሃሉን አንብቢልኝ» ይሉኛል። ጮክ ብዬ አነባለሁ። ደስ ካላቸው፣ «በቃ፣ ይሄ የክረምታችን ነው» ብለው ይገዙታል።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ሄድኩ።

«ጋሼስ?» አለኝ ሻጩ።

«አረፉ።»

የዝናብ ሸራውን ከመጽሐፎቹ ላይ ገለጥ አድርጎ፣ «ምረጪ» አለኝ። አንዱን መሃሉ ላይ ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ጋሼ ሁልጊዜ የሚቆሙበት ቦታ ባዶ መሆኑን ሳይ ድምፄ እምቢ አለኝ። ሻጩ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ገጹን እስከ ታች አነበበልኝ።

ጋሼ፣ ቢሰሙት ይወዱት ነበር። ገዛሁት።