እማማ የተሳለሙት ብርሌ

የታሪክ አስተማሪያችን ለኔ የሰጠችኝ ረፈራት፣ ክፍል ፊት የሚቀርብ ጥናት፣ ስለ ጥንት ግብጻውያን ኮፕቶች የብርጭቆ ዕቃ ነበር። ለምን ለኔ? ለእሷ ግብፅና ኢትዮጵያ አጥር የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ እኔ ደግሞ የሰፈሩ ባለሙያ። ያደግኩት እዚሁ ጀርመን፣ ኒድ የሚባል ሰፈር ነው ብላት ማን ይሰማኛል! ሰኞ ዕቃውን ስዬ ካላቀረብኩ መውደቄ ነው፤ ከወደቅኩ ደግሞ አባቴ «ክላስንፋርት የሚባል የክፍል ጉዞ የለም» ብሎኛል።

ቅዳሜ ሙዚየም ስሄድ እማማ ተከተሉኝ። እማማ የአባቴ አክስት ናቸው። «የክርስቲያኖች ዕቃ» ሲባል ሰምተው ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ነው የተነሱት። አዳራሹ በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ።

«እማማ፣ ሙዚየም እኮ ነው!»

«ዝም በይ! ንዋየ ቅድሳት ያለበት በጫማ ልትገቢ? ያንንም ከጆሮሽ አውጪው!»

ጫማዬንም ዎክማኔንም አወለቅኩ። ጀርመኖቹ ካልሲዎቻችንን ከቅርሶቹ ጋር አብረው ጎበኙ።

ዕቃው ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭን፣ አረንጓዴ ብርጭቆ ነው። እማማ የተቀመጠበትን የመስታወት ሳጥን ደጋግመው ተሳለሙት። እርሳሴን ሳወጣ ደግሞ ነጠላቸውን ዘርግተው ጋረዱኝ።

«የመቅደስ ዕቃ ቄስና ዲያቆን ያየዋል እንጂ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ሰኞ ማቅረብ አለብኝ እኮ!»

«አይፈቀድም በያት።»

ግሩም ሰበብ! አስተማሪዬ በእልልታ ትቀበለኛለች።

የጥበቃ ሠራተኛው መጥቶ ጫማ አድርጉ፣ ሳጥኑን አትንኩ አለን። ያንን ለእማማ ሳስረዳቸው ከሳጥኑ ሥር ያለው ጽሑፍ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ማንበብ የሚባል ነገር እስከዚያ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም፤ ባለሙያዋን ጨምሮ።

«እማማ፣ ከመኖሪያ ቤት የተገኘ የወይን ጠጅ መቅጃ ነው ይላል።»

ነጠላው ቀስ ብሎ ወረደ።

«መጠጥ?»

«መጠጥ።»

«ብርሌ ነዋ! በባዶ ሆዴ ብርሌ አሳለምሽኝ?»

እኔ ነኝ እንግዲህ ያሳለምኳቸው!

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሳዪ! አንገቱን አታሳጥሪው። ሆዱንስ ምን አሳበጠው? እንዲህ ያለ ብርሌ አይቼም አላውቅ!»

ያየሁትን ሁሉ ሳልኩ፤ መስታወቱ ላይ የቀረውን የእማማን የከንፈር አሻራ ሳይቀር። ሰኞ አስተማሪዬ ሥዕሉን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ «ይህን ጥንታዊ ጉዳት ማስተዋልሽ ድንቅ ነው!» ብላ ከሁሉ የሚበልጠውን ውጤት፣ አይንስ ሰጠችኝ። ባለሙያ ነኝ አላልኩም?

ክላስንፋርቱም አልቀረብኝ። እማማ ግን ከዚያ ወዲህ ሙዚየም ሲባል በቅድሚያ ቁርሳቸውን ይበላሉ።