ረጅሙ ሙዚቃ፦ እስካሁን አልተሸጠም

ባለፈው ወር ለስኳር ምርመራ ደም ልሰጥ ክሊኒክ ገብቼ፣ ነርሷ ክንዴን አልኮል በነካ ጥጥ ስትጠርገው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጅቷ መርፌ የፈራሁ መስሏት «አይዞዎት እናቴ፣ ገና መች ወጋሁዎት» አለችኝ። መርፌውስ ባልከፋ። ያ ሽታ የጋሽ ምናሴ ሙዚቃ ቤት ሽታ ነው። ጋሽ ምናሴ ጠዋት ሱቃቸውን እንደ ከፈቱ፣ አንዲት ካሴት ከማስገባታቸው በፊት፣ የክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥመው አልኮል ይነክሩና የቴፓቸውን ውስጥ ቀስ ብለው ይጠርጋሉ። «እጅ ሳይታጠቡ ማዕድ አይቀረብም» ይሉ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ የሸሸኋቸው ሰው ክሊኒክ ወንበር ላይ መጥተው ያዙኝ።

ሱቃቸው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ዘንባባ በተሰለፈበት መንገድ ዳር ነበረች። በክረምት በሯ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። ሁለት ሰው ቆሞ ሦስተኛ ከገባ አንዱ መውጣት አለበት። ከበሯ ላይ ሆኖ ወደ ሐይቁ ያየ፣ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች ይቆጥራል። ጋሽ ምናሴ ራሳቸው ረጅምና ከሲታ ነበሩ፤ ጣሪያው ስለሚያጥራቸው ጎንበስ ብለው ነው የሚኖሩት። በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ የመርከብ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። የባሕር ዳር ሴት አገቡና «ከጨው ባሕር ወደ ጣፋጩ ባሕር መጣሁ» እያሉ እዚሁ ቀሩ።

በሱቋ በር ላይ አንዲት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅላ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በዚያ ሳምንት በከተማው በብዛት የተሸጡትን ካሴቶች በነጭ ጠመኔ በተራ ይጽፉባታል። የፋብሪካው ሠራተኛ ከፈረቃ ሲወጣ ብስክሌቱን አቁሞ ያነባታል። የወሎው ዘፋኝ የጎንደሩን ቀደመ አልቀደመም ተብሎ ጠብ እስኪቃረብ ይከራከሩባታል። ከሁሉ በታች ግን የማትለወጥ አንዲት መስመር ነበረች፦ «ረጅሙ ሙዚቃ፦ እስካሁን አልተሸጠም»። አላፊ አግዳሚው ሁሉ በእሷ ይስቃል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ግን አያጠፏትም።

ረጅሙ ሙዚቃ ከመርከብ ዘመናቸው የተረፈ የእንግሊዞች ሸክላ ነበር። ሽፋኑ ላይ ሜዳ መሐል የቆመ መርከብ፣ ከመርከቡ ምሰሶ ላይም የበቀለ ዛፍ ተሥሏል። የሸክላው አንድ ገጽ በሙሉ አንድ ዘፈን ነው። ኦርጋኑ ብቻውን ብዙ ይጓዛል፤ ከበሮው ከሩቅ ይመጣል፤ ዘፋኙ ከናካቴው ሲረሳ ብቅ ይልና ጥቂት ብሎ ይሄዳል። የእኛ ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ዘፋኙን ነው። ዘፋኙ ሲዘገይበት የቴፑ ባትሪ ያለቀ ይመስለዋል።

ጋሽ ምናሴን ያስገረማቸው ሙዚቃው ብቻ አልነበረም። ከሸክላው ጋር ያስቀመጡት፣ እጥፋቱ ላይ የተቀደደ መጽሔት ነበራቸው። ይህ ሸክላ በአውሮፓና በአሜሪካ እንደ ጉድ መሸጡን፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣም ከተሸጡት ተራ አለመውረዱን ይናገራል። «እስቲ አስቢው ጸዳለ» ይሉኝ ነበር። «አይጨፈርበት፣ ግጥሙ አይያዝ፣ ለሬዲዮ አይመች። ይህን ሁሉ የገዛው ማነው? ሰው ነው። እዚህስ ያለው ሰው አይደለም እንዴ?» ከዚያች ሰሌዳ ላይ «አልተሸጠም» የምትለውን ቃል አንድ ቀን ማጥፋት ነበር ምኞታቸው። ይህ ምኞት ለሌላው ቀልድ ነው፤ ለእሳቸው ግን የምር ነበር።

እኔ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። አባቴ ከደሴ መጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል የሚሠራ፣ ጥፍሩ ዘወትር ሰማያዊ የሆነ ሰው ነው። ለእሱ ሬዲዮ ባትሪ ልገዛ ስሄድ ነው ጋሽ ምናሴን ያወቅኋቸው። «ትገዣለሽ?» ብለው አልጠየቁኝም። «ጊዜ አለሽ?» ነው ያሉኝ። አለኝ አልሁ፤ ረጅሙን ሙዚቃ አሰሙኝ። ከዚያ በኋላ እሱን መስማት ለማንም ያልነገርሁት አመል ሆነብኝ።

የመጀመሪያዋ ካሴት የተሸጠች ቀን እዚያው ነበርሁ። ከደቅ ደሴት አንድ መሪጌታ፣ የተማሪዎቻቸውን ዜማ የሚቀዱበትን ቴፕ ሊያሠሩ መጡ። ጋሽ ምናሴ ቴፑን ሠርተው ሲጨርሱ፣ ለመሞከር ብለው ከሸክላው በካሴት የቀዱትን ረጅሙን ሙዚቃ ከፈቱበት። ይዘጉታል ብዬ ነበር። መሪጌታው መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገጹ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም።

«ቋንቋውን አላውቀውም» አሉ በመጨረሻ። «ነገር ግን ቀስተኛው ዝማሜ ሳይጠግብ ከበሮ ወደሚመታበት መረግድ አልገባም፤ ጭብጨባ ወዳለበት ጽፋትም አልተጣደፈ። ይህ ሰው ከመምህር እግር ሥር ተቀምጧል።»

«ይውሰዱት የኔታ፣ ልቅዳልዎት?» አሉ ጋሽ ምናሴ።

«ቅዳልኝማ። ቸኩለው ለሚያዜሙ ተማሪዎቼ አሰማቸዋለሁ።»

ጋሽ ምናሴ የካሴቷ ወረቀት ላይ በግዕዝ ቁጥር «፩» ብለው ጻፉባት፤ አንደኛዋ ካሴት በጀልባ ወደ ደቅ ተሻገረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሰሌዳዋ የታች መስመር «ረጅሙ ሙዚቃ፦ ፩» ሆነች። ከዚያ «መሪጌታ የመረቁት» የሚለው ወሬ ከተማው ውስጥ ገባና አንድ የፖሊቴክኒክ አስተማሪ ገዛ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ስድስተኛዋን እኔ ገዛሁ። ሰባተኛዋን ከሐኪም ቤት የመጣ አንድ ሰው ገዛ። በዓለም ላይ ስንት እንደ ተሸጠ እንጃ፤ ባሕር ዳር ላይ ሰባት ነው። ጋሽ ምናሴ ሰሌዳዋ ፊት ቆመው ሰባትን ሲያይዋት፣ ልጅ የተወለደላቸው ይመስሉ ነበር።

እኔ ደግሞ በወጣቶች ማኅበር ታቅፌ ለሠራተኛ ሚስቶች ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። በአንድ ሳምንት ሁለት ቀን ቀረሁ። የት ነበርሽ ብትሉኝ፣ ሙዚቃ ቤት፣ ሁለተኛውን ገጽ እየሰማሁ። እሑድ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ደረሰ። ለማያውቀው፣ ሁሉም በተራው ተነሥቶ ራሱን የሚከስበት ስብሰባ ነው። ብልሁ ሰው «ሰዓት አላከብርም» ይልና ይቀመጣል። ይኸው ነው። ሁላችንም እናውቅበት ነበር። እኔ ግን ንግግር እወድ ነበር፤ በዚያ ላይ ለግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጅ ሊመርጡ መሆኑን ሰምቻለሁ።

ተነሣሁና «የድክመቴን ሥር ልንቀል» ብዬ ጀመርሁ። ያዘናጋኝ ጋሽ ምናሴ ሱቅ የሚሸጠው የምዕራባውያን ሙዚቃ ነው አልሁ። ሰውን ከሥራ የሚያፈዝ የኢምፔሪያሊዝም ባህል ነው አልሁ። ይህን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ጣፈጠኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አነሣና «ጓዲት፣ በከተማችን ምን ያህል ተሰራጭቷል?» አለኝ።

«ሰባት ካሴት» አልሁ። «ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አባቴ ምሳ ላይ ሰምቶ እንጀራውን መለሰው። «ስለ ራስሽ ተናገሪ ተባልሽ እንጂ ስለ ሰው ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። ማታውኑ ጋሽ ምናሴ ቀበሌ ታሰሩ፤ ሱቃቸው ታሸገች፤ ሸክላውና መጽሔቱ ተወሰዱ። ሰባቱን ገዢዎች ስም በስም አምጡ ተባሉ። ከሰባቱ አንዱ የደብር ሰው፣ አንዱ የመንግሥት አስተማሪ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ስማቸው ቢጠራ ምን እንደሚከተል ልጅም ያውቃል። ስድስተኛዋ ደግሞ እኔው ነኝ። ካሴቷን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀብሬ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። የተጨነቅሁት ለእሳቸው ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ በአብዛኛው ግን ለራሴ ነበር።

በሁለተኛው እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ፊት ግለ ሂስ እንዲያደርጉ አመጧቸው። ጢማቸው አድጎ፣ እዚያ ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ ውስጥም ጎንበስ እንዳሉ ነበሩ።

«እኔ ነጋዴ ነኝ» አሉ። «ነጋዴ ገበያው እንዲደምቅለት ይዋሻል። ሰባት ብዬ የጻፍሁት ውሸት ነው። ይህን ሙዚቃ ከዚህ ከተማ አንድ ሰው አልገዛኝም። ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው የሰማልኝም ሰው የለም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የቀበሌው ሊቀ መንበርም ሳቀ። ለነገሩማ ሰባት ሰው ይህን ይገዛል ብሎ ቀድሞም ያመነ አልነበረም። የፖሊቴክኒኩ አስተማሪ አንገቱን ደፍቶ ነበር። የጋሽ ምናሴ ዓይን እኔ ላይ መጣና እንደማያውቀኝ አለፈ። ጭብጨባ ሲጀመር አብሬ አጨበጨብሁ። ዛሬም እጄን ሳየው የሚታወሰኝ ያ ነው።

ከተፈቱ በኋላ በታሸገችው ሱቅ ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። አንድ ቀን እግሬ ወሰደኝ። እኔ ነኝ የተናገርሁት፣ ይቅር ይበሉኝ ልል ነበር። ሳልጀምር ቀደሙኝ፤ ቀናም አላሉ።

«ጸዳለ፣ አንቺ ከእኔ ባትሪ ብቻ ነው ገዝተሽ የምታውቂ። ሌላ የለም። ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ ጋሽ ምናሴ።»

«በይ ሂጂ። ክፍል እንዳያልፍሽ።»

ሄድሁ። የግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጅም ሆንሁ።

ከዓመታት በኋላ አስተማሪ ሆኜ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ስሄድ ሐሙሲት ላይ ለሻይ ቆምን። በመስኮት ሳይ፣ ከሻይ ቤቶቹ አጠገብ አንዲት የሬዲዮ ጥገና አለች፤ በሯ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ውስጥ አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ሰሌዳው ላይ የሳምንቱ ካሴቶች በተራ ተጽፈዋል፤ ከታች ደግሞ፣ በማውቀው እጅ፣ «ረጅሙ ሙዚቃ፦ እስካሁን አልተሸጠም»። ሸክላው የላቸውም፤ የሚሸጡትም የላቸውም። ያቺን ቃል ግን አላጠፏትም፤ ለእኛ ሲሉ ውሸቱን እዚያም ይዘውት ሄደዋል። ወርጄ እጃቸውን መያዝ ነበረብኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ አውቶቡሱ እስኪነሣ ጠበቅሁ። ሌላ ጊዜ እወርዳለሁ ብዬ ነበር። ሌላ ጊዜ ስወርድ የሱቋ ባለቤት ሌላ ሰው ነው፤ ጋሽ ምናሴን ከቀበሯቸው ሁለት ዓመት አልፏል አሉኝ።

ያን እሑድ ሥሩን ልንቀል ብዬ ተነሥቼ ሥሩን አልነቀልሁም። ሥሩ ሙዚቃው አልነበረም፤ ጭብጨባ መውደዴ ነው። ረጅሙ ሙዚቃ ባሕር ዳር ላይ ተሸጧል። ሰባት ሰው ገዝቶታል፤ አንድ መሪጌታ ቆመው፣ እኔም ቁጭ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ሰምተነዋል።

ከክሊኒኩ ስወጣ ነርሷን አልኮል የነካ ጥጥ ትንሽ ለመንኋት። ቤቴ ገብቼ ካሴቷን ከሣጥን አወጣኋት። የሚያጫውታት ቴፕ የለኝም፤ ክሯም ተጣብቆ ይሆናል። አቧራዋን ቀስ ብዬ ጠረግሁላት። ወረቀቱ ላይ «፮» የሚለው አሁንም ይነበባል፤ ቀለሙ እንዳይለቅ በዚያ በኩል ጥጡን አላስጠጋሁም።