እንከን የሌለው ወንበር

ጋሽ ስፖንጅ የሰፈሩን ሰው የሚያውቀው በፊቱ ሳይሆን በመቀመጫው ነበር። ሶፋ ሊታደስ ሲመጣለት ጨርቁን ገሽልጦ፣ ስፖንጁን በመዳፉ እየዳበሰ የባለቤቱን ገመና ያነባል። ባልና ሚስት ሲኳረፉ ሶፋው ሁለት ጫፉ ይጎደጉድና መሀሉ ከሱቅ እንደወጣ ይቀራል። አማት የከረመችበት ቤት ደግሞ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ብቻውን ወለል ሊነካ ይደርሳል። ይህን ሁሉ በሆዱ ቢይዘው ደግ ነበር፤ እሱ ግን ዕቃውን ሲመልስ፣ "መሀሉም ላይ ተቀመጡበት እንጂ፣ አይናከስም" ይላል። ሰው እየተናደደም እየሳቀም ይከፍለዋል፣ ሌላ ወንበር ሲጎዳበትም ተመልሶ እሱው ጋ ይመጣል። በሙያው ማንም አፉን ሞልቶ አያማውም።

ስፖንጅ ያሉት በሥራው ብቻ አይደለም። ስድቡንም፣ ሐሜቱንም፣ ሐዘኑንም ምጥጥ አድርጎ ስለሚያስቀር ነው። ሚስቱ ስትሞትበት እንኳ አልቅሶ አልወጣለትም። ገና ዳዴ የምትለውን ልጁን የስፌት መኪናው ሥር አስቀምጦ ሥራውን ቀጠለ። ልጅቷ በጨርቅ ቁራጭ ላይ እየተኛች፣ በባዶ የክር ጥቅልል እየተጫወተች አደገች። "ጥርስ ያወጣችው ስፖንጅ እየነከሰች ነው" ይላሉ ጎረቤቶቹ፤ ውሸታችሁን ነው ማለትም አይቻልም።

ችግሩ የመጣው ልጅቷ ከፍ ስትል ነው። በኮምፒውተር፣ በቡድን ሆነው የሚጫወቱት ጌም ልቧን ወሰደው። ከትምህርት ቤት እንደመጣች ከወርክሾፑ ጀርባ ካለችው ክፍል ትገባለች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ትደፋለች፣ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቢቃጠልም የምትሰማ አይደለችም። ጋሽ ስፖንጅ መጀመሪያ ዝም አለ። ዝም ያላለችው ጎረቤቱ ናት፣ ባለ ላውንደሪዋ። እሷን ሰፈሩ እትዬ ራዲዮ ይላታል፤ ወሬ ከእሷ ቤት ታጥቦና ተተኩሶ ነው የሚወጣው። ልጅህ ዛሬ ስንት ሰው ገድላ ዋለች እያለች በደንበኛ ፊት ትጠይቀዋለች። ደንበኛው ይስቃል። ስፖንጁ መጠጠ፣ መጠጠ፣ አንድ ቀን ሞላ። ልጅቷ ከቡድኗ ጋር ለትልቅ ውድድር ማጣሪያ እየተጫወተች ሳለ ገባና የኢንተርኔቱን ገመድ በጨርቅ መቁረጫ መቀሱ ቆረጠው። "ለጥቅምሽ ነው" አላት።

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ልብሷን ሰብስባ ሌላ ከተማ ወደምትኖረው አክስቷ፣ ወደ ታላቅ እህቱ ሄደች። ከዚያ በኋላ በደወለ ቁጥር እህቱ ደህና ናት ትለዋለች፤ ልጅቷ ግን ስልኩ ላይ አትቀርብም። ገመድ የቆረጠ ሰው በሁለቱም ጫፍ ነው የሚቆርጠው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን እትዬ ራዲዮ ስልኳን እያውለበለበች መጣች። የዓለም ሻምፒዮናው እዚሁ ከተማ ሊደረግ ነው፣ ከየአገሩ ቡድን ይመጣል፣ ከአገራችን ቡድን ውስጥ ደግሞ ያንተ ልጅ አለች አለችው። ፎቶውን አሳየችው። ማሊያዋ ጀርባ ላይ የመጫወቻ ስሟ ተጽፏል፤ "መርፌ" ይላል። እትዬ ራዲዮ እንደ ልማዷ ልትቀልድ አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታየው ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አንተን ብትተውህም ሙያህን አልተወችውም" አለችው። ጋሽ ስፖንጅ ወደ መኪናው ዞረና ክር የገባበትን መርፌ እንደገና ክር ሊያስገባበት ሲታገል ቆየ።

የተጫዋቾቹ ወንበሮች በጉዞ ላይ ቆዳቸው ስለተተረተረ አዳሽ እየተፈለገ መሆኑን የሰማውም ከእትዬ ራዲዮ ነው። ደንበኛውን ለወራት የሚያስጠብቅ ሰው፣ መሣሪያውን በከረጢት ሸክፎ በማግስቱ አዳራሹ በር ላይ ተገኘ። አባቷ መሆኑን ለማንም አልተናገረም። አባቷ ነኝ ብሎ ገብቶ፣ ልጅቷ አላውቀውም ብትልስ? ሐሳቡ ሌላ ነበር፤ አጠገቧ የሚያደርሰውን ሥራ ይዞ የመጀመሪያዋን ቃል መፈለግ። የመጀመሪያዋ ቃል ከተገኘች፣ የቀረው እንደ ስፌት እየተከተለ ይመጣል ብሎ ያምን ነበር።

ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ አንድ ጥግ ሰጡት። መድረኩ ላይ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ በየጠረጴዛው አምስት ኮምፒውተር፣ አምስት ወንበር። ከበላያቸው የቤት ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ተሰቅሏል። አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ወጣት ኃላፊ መጣና፣ "አባት፣ የተቀደደውን ሁሉ ይሥሩ፤ ስም የተለጠፈበትን ግን እንዳይነኩ" አለው። ጋሽ ስፖንጅ ይህን የሌባ መከላከያ አድርጎ ወሰደው። ተጫዋቾቹ በልምምድ ጊዜ ወንበራቸውን ለገላቸው እንደሚያስተካክሉ፣ ከዚያ በኋላ አንዲት ብሎን ብትላላ እጃቸው እንደሚስት የነገረው የለም።

ልጁን በመጋረጃው መሀል አጮልቆ አያት። ቀጥናለች፣ ፀጉሯን አሳጥራለች፤ ስታስብ ግን አሁንም እንደ እናቷ የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች። እግሩ ወደፊት አለ፣ አፉ ግን ባዶ ነበር። ተመልሶ ስፌቱ ላይ አቀረቀረ።

የግጥሚያው ቀን ቡድኖቹ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ መድረኩ ጭር አለ። ጋሽ ስፖንጅ "መርፌ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ወንበር ፈልጎ አገኘና መዳፉን መቀመጫው ላይ ጫነ። በቀኝ በኩል ረግቧል። በግራ በኩል ደግሞ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ ተወሽቋል። ደህና ወንበር ላይ ሰው ፎጣ አይወሽቅም። በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኑ ፎጣ ያለበት ወንበር ሲመጣለት፣ ባለቤቱ ወገቡን ይዞ እያነከሰ ነው አብሮ የሚመጣው። ወንዶቹ ደህና ደህናውን ተቀራምተው ለሴቷ ልጅ የተረፈውን ሰጧት ማለት ነው ሲል ፈረደ።

ፎጣውን መዝዞ ወረወረው። ለክብር ደንበኛ ዕቃ ያስቀመጠውን ጠንካራ ስፖንጅ ከከረጢቱ አውጥቶ በልክ ቆርጦ ሞላው፣ ቆዳውን ወጥሮ ከሥር ዘጋው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ስፌት ሠርቶ አያውቅም። ሲጨርስ መቀመጫው ግራ ቀኙ እኩል ሆኖ፣ ከነበረበት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ጉብ አለ። የመጀመሪያዋ ቃልም በዚያው ተገኘች። ግጥሚያው ሲያልቅ ጠጋ ይልና "ወንበሩ ተመቸሽ?" ይላታል። በቃ። ከዚህ የቀለለ የዕርቅ ቃል ከየት ይመጣል?

ዓይን እኩላለሁ ብሎ አጠፋ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የዚያን ቀን ተሸናፊ ከውድድሩ ይሰናበታል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ልጅቷ ገብታ ተቀመጠች፣ ወዲያው ተነሣች፣ እጇን ወንበሩ ሥር ሰደደች፣ ዳበሰች፣ አጣች። ጨዋታው ተጀመረ። የቡድኑ አልሞ ተኳሽ እሷ ናት፤ ያን ቀን ግን ክንዷ አልረጋ አላት። ወንበሩን ዝቅ ስታደርገው የክንድ ማሳረፊያው ከጠረጴዛው በታች ወረደ፤ ከፍ ስታደርገው ትከሻዋ ተሰቀለ። ስትተኩስ ከባላጋራዋ ራስ በላይ ግድግዳ ትመታለች። ከተመልካቹ አንዱ "መርፌ ዶለዶመች" አለ፤ አዳራሹ እየሳቀ ተቀባበለው። ጋሽ ስፖንጅ መጋረጃው ሥር ቆሞ ያያል። ፈርታ ነው ብሎ አሰበ። ደግነቱ ወገቧን አያማትም ብሎም ራሱን አጽናና። ሰውን ሁሉ በመቀመጫው የሚያነብ ሰው፣ የገዛ ልጁን ማንበብ ተሳነው።

በዕረፍቱ ልጅቷ እጇን አነሣች። ዳኛው መጣና ወንበሩን ገለበጠው፣ ጎማውን አሽከረከረ፣ መቀመጫውን በክርኑ ተጫነው። ከዚያ፣ "ወንበሩ እንከን የለውም" አለ። እውነቱን ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ወንበር አልነበረም። ግጥሚያ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ምንም ነገር መጎዝጎዝ አይፈቀድም። ልጅቷ ወንበሩ እንደተገለበጠ ጎንበስ ብላ ስፌቱን አየች። የመዝጊያው ቋጠሮ ወደ ግራ ዘመም ብሎ ተመልሶ የታሰረ ነበር። እንዲህ የሚቋጥር ሰው የምታውቀው አንድ ነው፤ እሷንም ያስተማራት እሱ ነው። ቀና ብላ የመድረኩን ጀርባ በዓይኗ ፈለገች፣ መጋረጃው ሥር አገኘችው።

የጋሽ ስፖንጅ ልብ ዘለለ። እጁን አነሣላት።

እሷ ወደ ስክሪኗ ዞረች።

ተሸነፉ። ጓደኞቿ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ወደኋላ ቀረችና፣ ወደ መልበሻ ክፍሎቹ በሚወስደው መተላለፊያ ላይ መጣችለት።

"አንተ ነህ የሰፋኸው?"

"እኔ ነኝ" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ገና ኩራት ነበር። "ወንበሩ..."

"ፎጣዬስ?"

ጣልኩት አላት። ልጅቷ ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ለደንበኛ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ ነገረችው። የምትጫወተው ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ነው። የረገበውን ወንበር ከሁሉም መሀል መርጣ የወሰደችው ራሷ ናት። የፎጣውን ቦታ ለማግኘት ልምምዱን ሁሉ ስትቀመጥና ስትነሣ ነው የዋለችው። እየተናገረች ገላዋን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ አሳየችው፤ ጋሽ ስፖንጅ ያኔ ገባው።

"እንዲመችሽ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ። ለጥቅ..."

"ያኔም እንደዚያ ነው ያልከኝ" አለችው።

ዳኛው ጋ ልሂድ፣ አሰልጣኝሽ ጋ ልሂድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ልበል አላት። ራሷን ነቀነቀች። የተጫወቱት አይደገምም። ተመልካቹ እንደሆነ ስሟን ማኘክ ጀምሯል፤ አባቷ ተደብቆ ገብቶ ወንበሯን ነካካው ከተባለ ደግሞ ቡድኑም መሳቂያ ይሆናል፣ እሷንም ዳግመኛ የሚያሰልፋት አይኖርም።

"አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ፣ አባዬ" አለች። ከቤት ከወጣች ወዲህ አባዬ ስትለው ገና ያን ጊዜ ነው። "እዚህ ማንም ሰው አባቴ መሆንህን እንዳያውቅ።"

እሺ አላት። ሌላ ምን ይላል፤ በእህቱ በኩል አንድ ነገር ትጠይቀኝ እያለ ስንት ዘመን ሲለምን የኖረ ሰው።

መሣሪያውን ሰብስቦ በኋለኛው በር ሲወጣ የቡድኑ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ልጅቷ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ተቀምጣለች። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሁለቱ መተላለፊያው ላይ ሲነጋገሩ አይቷቸው ኖሮ ወሬ አማረው።

"ልጅህ ናት እንዴ፣ ጋሼ? ቁርጥ አንተን እኮ ነው የምትመስለው።"

ጋሽ ስፖንጅ አውቶቡሱ አስፋልቱ ላይ ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ አየው።

"አይ" አለ። "ወንበሯን ነው ያደስኩላት።"