የሰኞ ፊርማና የአያ ፈንቴ ሰሊጥ

ባለፈው ሰኞ፣ የመታወቂያ መጥፋት ማስረጃ ላጽፍ ሸኸዲ ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ፣ ከበሩ እስከ ኒም ዛፉ ጥላ ድረስ የተሰለፉ ጎረምሶች አየሁ። እህል የሚታደል መስሎኝ ነበር። ለካ በገደብ የተለቀቁ ናቸው፤ ፍርድ ቤት ቅጣታቸውን አግዶ፣ በየሰኞው እየቀረባችሁ ፈርሙ ያላቸው። «ዘንድሮማ በዝተዋል» አለኝ ፖሊሱ። በእኔ ጊዜ ብቻዬን ነበርሁ የምፈርመው።

አዎ፣ እኔም ፈርሜያለሁ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ደሜ ሳይነኩት ይፈላል። ከእርሻ ጎረቤታችን ከአያ ፈንቴ ጋር በአንድ ጀሪካን ውሃ ተጣልቼ፣ አባቴ የሚሆኑትን ሰው ቀኝ ክንዳቸውን በዱላ ሰበርሁት። ዛሬም ሳወራው ያሳፍረኛል። ዳኛው አንድ ዓመት ሊያስሩኝ ሲሉ፣ አያ ፈንቴ ክንዳቸውን በሻሽ እንዳንጠለጠሉ ተነሱ።

«ጌታዬ፣ ይኸ ልጅ ከታሰረ ሰሊጤን ማን ያጭድልኛል?»

ችሎቱ ሳቀ። እኔም በገደብ ወጣሁና ማጭድ ይዤ ማሳቸው ገባሁ።

ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም፤ ከደረሰ በኋላ ቀን ካሳለፉት አፉን ከፍቶ ይረግፋል። ጥቅምት ነበር፣ ጥቁሩ ዋልካ አፈር መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ምሳችን የማሽላ እንጀራ በወይካ፣ በደረቀ ባሚያ ወጥ ነው። ሰውዬው በግራ እጃቸው ሲጎርሱ እያየሁ አብሬ መብላት ጭንቅ ነበር።

እሑድ ነፋስ ተነሳ። የቀረው የአንድ ቀን አጨዳ ነው፤ በማግስቱ የምፈርምበት ጣቢያ ደግሞ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ። ብቀር እታሰራለሁ፣ ብሄድ ሰሊጡ ያልቃል። ሰኞ ጧት ማሳው ዳር ቁጭ ብድግ ስል አዩኝ።

«ምነው፣ አትሄድም?»

«ሰሊጡስ፣ አያ?»

«ሰሊጥ ለከርሞም ይዘራል። አንተን እናትህ ደግማ አትወልድህም። ሂድ ብያለሁ።»

ሮጬ ሄጄ፣ ፈርሜ፣ ሮጬ ተመለስሁ። መሬቱ በረገፈ ሰሊጥ ነጭ ሆኗል። አያ ፈንቴ ተንበርክከው በአንድ እጃቸው አገዳውን እየነቀሉ ይከምራሉ።

«ፈረምህ?»

«ፈርሜያለሁ።»

«ደግ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ስለዚያ ሰሊጥ እስኪሞቱ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ይኸን እያስታወስሁ፣ ከጣቢያው ሰልፍ አንዱን ጎረምሳ «ማንን በድለህ ነው?» አልሁት።

«አንድ ነጋዴ ደብድቤ።»

«ተሻለው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አባቴ። እኔ የምመጣው ለፊርማ ነው።»

መብዛታቸው አላስከፋኝም፤ ወጣት እስር ቤት ከሚበሰብስ እደጅ ቢውል ይሻላል። ግን እኔን ያረመኝ የፊርማው መዝገብ አይደለም፤ እኒያ በአንድ እጃቸው ሰሊጥ ሲነቅሉ ያገኘኋቸው ሰው ናቸው። የመጣሁበትን ጉዳይ ትቼ ልጁ አጠገብ ቆምሁ።

«ፈርመህ ስትወጣ የነጋዴውን ቤት ታሳየኛለህ» አልሁት። «አብረን እንገባለን።»