በጳጳሱ ዓርማ ላይ ያለው መልአክ

የምሠራው እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሶዶ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወርክሾፕ ነው። አዲስ ለሚሾሙ የአንግሊካን ጳጳስ ከወንበራቸው በላይ የሚሰቀል ዓርማቸው በእንጨት ጋሻ ላይ ተስሎ እንዲቀርብ ትእዛዝ ሲመጣ፣ አፌ አላርፍ ብሎ "አባቴ እኮ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ናቸው" አልኩ። አለቃዬ ደስ አለው። እኔም ዋስ ሆኜ ጋሻውን ቢከን ሂል ወዳለው ቤታችን ይዤ ሄድኩ።

በተሰጠን ሥዕል ላይ፣ ከላይ የጳጳስ አክሊል፣ ከጋሻው ኋላ የተመሳቀሉ በትርና ቁልፍ፣ መሃል ላይ ደግሞ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ መለከት የሚነፋ መልአክ አለ። ዓርብ ከሥራ ስመለስ አባባ ጨርሰዋል። አክሊሉ ያምራል። መልአኩ ግን ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያፈጣል።

"አባባ፣ ምነው? የሰጡን እኮ በጎን ነው።"

"ባለ አንድ ዓይን መልአክ የት ታውቂያለሽ? በጎን የሚሳለው ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው። የሰው ጳጳስ ወንበር ላይ ሰይጣን ልስቀል?"

እውነታቸውን ነው፤ እኛ ያደግንበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ሁሉ እንዲያ ነው። ግን ይህን ለፈረንጅ አለቃ በምን አፌ አስረዳለሁ? ፎቶ አንስቼ ላኩለት። ወዲያው ደወለ።

"መልአኩ ፊቱን ወደ እኛ ካዞረ የጳጳሱ ዓርማ አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው። ነገ ጠዋት ተስተካክሎ ካልመጣ ሰኞ እንዳትመጪ" አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ እዚያው ተቀመጥኩ። የልጄ የአስም መድኃኒት የሚሸፈነው በዚሁ ሥራ ኢንሹራንስ ነው። ባለፈው ክረምት ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ሲጠቁር አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እሷ ስታስል እኔ መተንፈስ አቆማለሁ።

አባባን ለመንኳቸው። "አላደርገውም፣ ኩነኔ ነው" አሉ። ደግሜ ብለምን ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ ብሩሹን ራሴ አነሳሁ። ወደ መልአኩ ዓይን ሳስጠጋው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። እግዚአብሔር በልጄ ቢቀጣኝስ? ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነብኝ፤ እጄ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

አባባ ከወንበራቸው ተነሱ። "ተይው" ብለው ብሩሹን ወሰዱብኝ። "አንቺ ልጅ ታሳድጊያለሽ። የሚመጣው ነገር ካለ በእኔ ይምጣ።"

አማተቡ፤ አንዱን ዓይን በነጭ ቀለም አጠፉት፤ ፊቱንም ወደ ጎን አዞሩት። የእሳቸው እጅ ሲንቀጠቀጥ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እኔ ብቻዬን የፈራሁ መስሎኝ ነበር።