ለጋሼ መንገሻ የቀዳሁት ለስላሳ

እኔ ያነበብኩትን ለሰው ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያን ሰሞን ያነበብኩት ስለ ኩላሊት ነበር። ከሚዛን ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ መንገሻ፣ ጌጫ ከተማ ዘመድ ጠይቀው የሚመለሱ ጡረተኛ መምህር፣ ዕጣው ደረሳቸው።

«ኩላሊት ሲደክም ፎስፈረስ ደም ውስጥ ይጠራቀማል» አልኳቸው። «ከካልሲየም ጋር ሆኖ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጋገራል፤ ልክ ውሃ ማፍያችን ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር። ደም ሥሩ ይደርቃል፣ ልብ መከራዋን ታያለች። የኩላሊት እጥበት ላይ ላሉ ሰዎች ከኩላሊቱ ይልቅ የሚያሰጋው ልባቸው ነው!»

«አቤት!» ይላሉ ጋሼ። እኔም እቀጥላለሁ።

ቦንጋ ለምሳ ወረድን። ጥቁር ለስላሳ አዘዝኩላቸው።

«ይቅርብኝ» አሉ።

እንግዲህ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «ይቅርብኝ» ይሉኝታ ነው፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። ስለዚህ ከፍቼ ቀዳሁና «በሞቴ! አንዴ ብቻ!» እያልኩ ብርጭቆውን አፋቸው ድረስ አደረስኩት።

«ኧረ ልጁን አያሳፍሩት፣ አባባ» አለች አስተናጋጇም።

ጋሼ ብርጭቆውን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና መዳፌን ክንዳቸው ላይ አሳረፉት። ከሥሩ የሆነ ነገር ይነዝራል።

«ጋሼ፣ ስልክዎ እየጠራ ነው» አልኳቸው።

«ስልኬ ሻንጣ ውስጥ ነው። ይሄ ለእጥበት የተሠራልኝ ደም ሥር ነው፤ ነገ ተራዬ ነው። ያስተማርከኝ ሁሉ ልክ ነው፣ ልጄ። ጥቁር ለስላሳ ውስጥ ፎስፈረስ አለ የሚለው ገጽ ላይ ግን ገና አልደረስክም። በል፣ ራስህ ጠጣው።»