በካርቶን የተመረጠው ሲንተሳይዘር

ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር የነበሩትን አሠሪዬን መጀመሪያ የጠረጠርኳቸው በካርቶን ምክንያት ነው። የሳሙናውን፣ የብስኩቱን፣ የሻይ ቅጠሉን ካርቶን እንዳልጥል ከለከሉኝ። «አስቀምጪው፣ ያ ቢንቲ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ለምን እንደሚፈልጉት ግን አይናገሩም። ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ሲመለሱ ካርቶኖቹን ሰብስበው ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገቡና በሩን ይቆልፋሉ።

ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ጥገና የጨረሱ ሽማግሌ ነበሩ። ወንዱ ልጃቸው ጀርመን ነው ያለው። ሴቷ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ አግብታ ትኖራለች፤ አርብ አርብ ድልድዩን ተሻግራ ትመጣለች። በሌላው ቀን ቤቱ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ከወሎ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር፣ ኢቃማ ግን አልነበረኝም። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ካርቱም ውስጥ ሁሉን ነገር ይጠረጥራል። አንዲት የአገሬ ልጅ ከሃፍላ፣ ከሚኒባስ፣ ስትወርድ በከሻ፣ በፖሊስ አፈሳ ማለት ነው፣ ከተወሰደች ወዲህ እኔም ዳቦ ለመግዛት እንኳ ስወጣ መንገዱን ሁለት ሦስቴ አይ ነበር።

አንድ ቀን ግቢውን ስጠርግ በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። ካርቶኖቹ ቁመታቸው እኩል ሆኖ ተቆርጠው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ትናንሽ ክቦች ተሥለዋል፤ ከክቦቹ ሥር የማላነበው ጽሑፍ አለ።

ጀሪፍ ሰፈር ለምትኖር ጓደኛዬ ነገርኳት። ሰው ቤት በመሥራት ከእኔ ብዙ ዓመት የቆየች ናት።

«ፈኪ ይሆናሉ» አለችኝ። ክታብ የሚጽፉትን ማለቷ ነው። ትንሽ አስባ ደግሞ፣ «የሬዲዮ ሰው ነበሩ አላልሽም? የመገናኛ ሬዲዮ እየሠሩ ከሆነ ከእሳቸው በፊት የምትያዢው አንቺ ነሽ። ቶሎ ውጪ» አለችኝ።

ወጥቼ የት እገባለሁ? ዝም ብዬ መሥራቴን ቀጠልኩ፤ ግን ከዚያ በኋላ ሻያቸውን ሳቀርብ እጃቸውን እንጂ ፊታቸውን አላይም ነበር።

ከሳምንት በኋላ ራሳቸው ጠሩኝ። በሩ ክፍት ነው።

«ዓይንሽ ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ አሚ።» አጎቴ እንደማለት ነው፤ እዚያ ትልቅ ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነው።

«የኔን ሞራ ወረሰው። ደቃቁን ቁጥር ማንበብ አቅቶኛል። ነይ፣ አንብቢልኝ።»

ልጃቸው ከጀርመን የላከላቸው ካታሎግ ነበር። በየገጹ ማዞሪያና ቀዳዳ የሞላበት ቀጭን ብረት ፎቶ አለ። ደፍ ላይ እንደቆምኩ፣ «አሚ፣ ይሄ ነገር ፖሊስ ያመጣል?» አልኳቸው።

ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «አያመጣም። ሲንተሳይዘር ነው፣ የሙዚቃ መሣሪያ። አንድ ላይ ተሠርቶ አይመጣም፤ ሞጁል የሚባሉ ክፍሎቹን አንድ በአንድ መርጠሽ ሳጥን ውስጥ ትገጥሚያለሽ። ወጣት ሆኜ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ አንድ አየሁ። እንድነካው አልፈቀዱልኝም።»

ልጃቸው ትንሹን ሳጥን መርጦላቸዋል፤ ወርዱ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው። ሊይዝ የሚችለው አሥር ያህል ክፍል ብቻ ነው። እሳቸው የፈለጓቸውን ለሴት ልጃቸው አጽፈው፣ ለወንድሟ እንድትልከው ሰጥተዋታል። አሁን ይገጥም እንደሆነ በካርቶን መለካት ፈልገው ኖሯል። ወርዱን ከካታሎጉ አነበብኩላቸው፣ በማስመሪያ እየለካሁ ቆረጥኩ፣ ደረደርኩ። የመጨረሻው ካርቶን በጣት ስፋት ያህል ከመስመሩ አለፈ።

«አስፍተሽ ቆርጠሽዋል» አሉኝ።

«አላሰፋሁም።»

«እንደገና ለኪው።»

ለካሁት። ያው ነው። በእጃቸው እየዳበሱ ራሳቸው ለኩት፤ አሁንም ያው ነው። አላመኑኝም ነበር፣ እኔም እሳቸውን አላመንኳቸውም ነበር፤ እንደዚያ ሆነን ነው ሥራውን የጀመርነው።

የትኛው ይውጣ በሚለው ሦስት ቀን ተቀመጥን። የያንዳንዱን ሥራ ነገሩኝ። ሦስቱ ድምፅ አውጪ ናቸው። ሁለቱ ድምፁን የሚያለዝቡ ማጣሪያዎች ናቸው። አንዱ እሳቸው በር የሚሉት ነው፤ ድምፁን የሚያሳልፍና የሚዘጋ። ሌላው ደግሞ በሩ ቶሎ ይከፈት ወይስ ቀስ ብሎ የሚለውን ይወስናል። የቀሩት ቀላቃይ፣ የሚያወዛውዝና እንደ ነፋስ የሚያሰማ ናቸው። እሳቸው ነፋሱን ለማስወጣት ፈለጉ፤ እኔ ግን ዓይኔ በሩ ላይ ቀረ።

«አሚ፣ ሦስቱ አብረው ይጮሃሉ፣ መውጫቸው ግን አንድ በር ነው። አንዱ ዝም ብሎ ሌላው እንዲሰማ ቢፈልጉስ?»

ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ዳበሱ። አጠፋሁ ብዬ ተነሣሁ። «ተቀመጪ» አሉኝ። አንድ ድምፅ አውጪና አንድ ማጣሪያ ከረድፉ አወጡ፤ በቦታቸው ሁለተኛ በርና ሁለተኛ የበር አዛዥ እንድቆርጥላቸው ጠየቁኝ። እነዚህ ጠበብ ስለሚሉ ሳጥኑ ልክ ሞላ።

በማግስቱ አብረን ወደ ስልክ ቤት ሄድን። ጀርመን ላለው ልጃቸው ለውጡን በስልክ ነገሩት። ስንመለስ፣ «ለልጄ አትንገሪያት፤ የጻፈችውን ቀየርኩ ብዬ እንዳትቆጣ» አሉኝ። ዕቃው ሲመጣ በእሷ ዝርዝር ይታያል፤ የጎደለ ነገር ሲገኝ ደግሞ በዚያ ቤት ማን እንደሚጠየቅ አውቃለሁ።

እሷ ቀድሞም ትጠረጥረኝ ነበር። አንድ አርብ ከአባቷ ጋር ካርቶን ስንደረድር ደርሳ አየችንና ወጥ ቤት ድረስ ተከተለችኝ።

«አባቴን ምን እያስገዛሽው ነው?»

«ምንም፣ መዳም። ዓይናቸው ስለማያይ ነው።»

«ዓይኑ ስለማያይ ነው እኔም የምጠይቅሽ» ብላ ሄደች። ወደ ባሕሪ ስትመለስ በመውጫዋ ቁም ሣጥኑን ስትቆልፍ ሰማኋት።

ዕቃው ከጀርመን በመጣ ሰው እጅ ደረሰ። ተቀብላ ያመጣችው እሷ ናት። አባቷ መስጊድ ነበሩ፤ ሳሎን ውስጥ ፈታችው፣ ዝርዝሯን አውጥታ አንድ በአንድ አመሳከረች፤ ዝርዝሯ ላይ የሌሉትን ሁለት ክፍሎች ወደ ጎን ገፋቻቸው። ከዚያ ስሜን ጠራች።

«ሦስት መሆን የነበረበት ሁለት ነው። ከዚህኛውም አንድ ጎድሏል። የት ሄደ?»

«አሚን ይጠይቋቸው።»

«አንቺን ነው የጠየቅሁት።»

እሽጉ አሁን ተፈታ፣ ያውም በራሷ እጅ፤ እንዴት እኔ ልወስደው እችላለሁ? ንዴት ግን ይህን አያስብም። ወደ ክፍሌ ገብታ ቦርሳዬን ፍራሹ ላይ ገለበጠችው። ከልብሴ መሐል ከረድፉ የወጡት ሁለት ካርቶኖች ወደቁ። ባዶ ወረቀት ስላልነበረኝ በጀርባቸው የጓደኛዬን ስልክ ጽፌባቸው ነበር። በፊት በኩል ደግሞ የጠፉት ክፍሎች ሥዕል ከነስማቸው አለ። እሷ ካርቶኑን አየች፣ ቁጥሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ለማን ልትሸጪው ነው? ይሄ ስልክ የማን ነው?»

አረብኛው ከአፌ ጠፋ። በአማርኛ «አልወሰድኩም» ስል ብቻ ትዝ ይለኛል።

ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ኖሯል። «ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ በስልክ። በቦታቸው የገቡትን የመረጠችው እሷ ናት» አሉ።

«እሷ? ሠራተኛዋ?»

«ያላ፣ በይ ሳጥኑን አምጪው» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

ክፍሎቹን በካርቶኑ ቅደም ተከተል ገጠምኩ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። እሳቸው ቀዳዳውን በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ፣ እኔ ገመዱን ሰካሁ። ሲበራ ከሬዲዮው ድምፅ ማጉያ የንብ የመሰለ ወፍራም ጩኸት ወጣ። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጠን ያለው፣ መጣ። ከዚያ አንደኛውን በር ሲዘጉት አንዱ ጠፋ፣ ሌላው ብቻውን ቀረ። መልሰው ከፈቱት። ሽማግሌው ሁለቱን እያፈራረቁ ሲያሰሙ ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ።

ልጅቷ ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ልብሴን ግን ራሷ አጣጥፋ ወደ ቦርሳዬ መለሰችው። ጓደኛዬ ይህን ስነግራት፣ «አሁንም ውጪ፤ አንድ ቀን የጠረጠረ ሁሌም ይጠረጥራል» አለችኝ። አልወጣሁም፤ እዚያ ቤት ሌላ ሁለት ዓመት ሠራሁ።

በተከታዩ አርብ ልጅቷ አባቷ ሲተኙ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የትኛው ምን እንደሚሠራ እንዳስረዳት ጠየቀችኝ፤ እኔ በሌለሁበት ቀን ልታግዛቸው ነው። ድምፅ አውጪውን አሳየኋት፣ ማጣሪያውን አሳየኋት፣ አንደኛውን በር አሳየኋት። ሁለተኛው በር ላይ ጣቷን አድርጋ፣ «ይሄስ?» ስትለኝ ግን፣ ያ በር የኔ ምርጫ ስለነበር ለራሴ ላስቀረው ፈልጌ፣ «እሱን አላውቀውም፣ መዳም» አልኳት። አምናኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አንገቷን ነቅንቃ ወደሚቀጥለው አለፈች።